ስም ያልወጣለት ወይፈን

አባቴ ወይፈኖቹን በሰው ስም ይጠራ ስለነበር ከጎረቤት ጋር ስንት ጊዜ እንደተኳረፍን እኔ ነኝ የማውቀው። ከኛ በታች የሚኖር አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ነበር፤ ስሙ ከአንዱ ወይፈናችን ስም ጋር ገጠመ። አባቴ አመሻሽ ላይ የበረቱ በር ላይ ቆሞ፣ ያንን ስም ጠርቶ «ግባ እንጂ አንተ ሆዳም!» ሲል ሰውየው እራቱ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ሚስቱ ትስቃለች። ልጆቹ ይስቃሉ። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አልቆ ሽማግሌ ላከብን። አባቴ ሽማግሌዎቹን ወተት አጠጥቶ፣ የመጡበትን ሰምቶ፣ «ስሙ የሱ አይደለም፤ ባለቤቱ ድሮ የሞተ ሰው ነው። እኔ ልለውጠው አልችልም» ብሎ ሸኛቸው። ፖሊሱ እስኪሞት ድረስ በደጃችን ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። የሚገርመው ወተት የሚገዛው ግን ከኛው ነበር።

እዚህ የማንንም ስም አልጽፍም፤ የወይፈኖቹንም ቢሆን። እኛ ቤት ስም መጥራት ቀላል ነገር አልነበረም።

አባቴ ኮሪያ የዘመተ ወታደር ነበር፤ አስር አለቃ። ከውጊያው ሌላ ሥራው የጓዶቹን ስም መጥራት ነበር። ማታ ይጠራል፣ ጠዋት ይጠራል፣ እነሱም «አቤት!» ይላሉ። አንድ ሌሊት ኮረብታ ላይ ሲዋጉ አድረው፣ ሲነጋ በረዶው ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ ስም ጠራ። አንዳንዱ ስም ላይ ዝም ተባለ። ዝም ያሉት ሩቅ አልነበሩም፤ እዚያው አጠገቡ ተጋድመዋል፣ ያያቸዋል። እሱ ግን አንድም ስም ሳይዘል እስከ መጨረሻው ጠራ። ደንቡ እንደዚያ ነበር አለኝ። ይህን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ምጥ የጠናባት ላም ሥር ተንበርክኮ፣ እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ጥጃ እያዞረ። ስለ ጦርነት የሚያወራው እጁ ሥራ ሲይዝ ብቻ ነበር። ወደ ሰው ፊት ዞሮ ሲያወራው አይቼ አላውቅም።

ከዘመቻ ሲመለስ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ በኩል፣ ለዘማች ተብሎ መሬት ተሰጠው። ከወታደርነቱ ተሰናበተና ከብት ማርባት ጀመረ። ሰፊ መስክ ነበር፤ ወንዝ የሚያቋርጠው፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚተኛበት። ወተቱ በበቅሎ እንጦጦን ተሻግሮ ከተማ ይገባል። ላሞቹ እንደ ማንኛውም ላም በመልካቸው ይጠራሉ፤ ቡሬዋ፣ ዳለቻዋ፣ ቀይዋ። ወንድ ጥጃ ሲወለድ ግን አባቴ ኮፍያውን ያወልቅና በዚያ ጠዋት ዝም ካሉት ሰዎች የአንዱን ስም ያወጣለታል። ለሞተ ሰው ብቻ። በሕይወት ላለ ሰው መታሰቢያ ብሎ አውጥቶ አያውቅም። እናቴ አንዴ፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ «እስቲ ይሄንን እንኳ በወንድሜ ስም ጥራልኝ» ብትለው፣ «ወንድምሽን ምን አደረገሽ?» ብሎ ተቆጣት። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሕጉን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ስም የወጣለት ወይፈን አይሸጥም፣ አይታረድም። አስበው፣ ወተት ሸጦ የሚያድር ሰው ወተት የማይሰጡ ኮርማና በሬዎች ሲቀልብ! እናቴ በዚህ በጣም ትናደድ ነበር። «ሙታን ሣሬን ጨረሱት» ትላለች። ራሷ ላሞቹን አትነካም፤ በልጅነቷ ላም ወግታት ስለነበር በረት ውስጥ እግሯ ገብቶ አያውቅም። የሷ ግዛት ደጁ ነው፤ ማንቆርቆሪያውና የወተቱ መለኪያ።

ማታ ማታ ከብቶቹ ከመስክ ሲመለሱ አባቴ የበረቱ በር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ስማቸውን በተራ ይጠራል። እያንዳንዱ ስሙን ሲሰማ ብቻ ይገባል። በቃ አስለምዷቸው ነበር። የነፍስ አባታችን፣ የቁስቋም ቄስ፣ አንድ ማታ ይህን ቆመው አዩና ደነገጡ።

«ልጄ፣ እንስሳ በክርስትና ስም ይጠራል እንዴ? ነውር ነው!»

አባቴ ራቁቱን እንደተያዘ ሰው መሬት መሬቱን እያየ፣ «አባ፣ እኔ ስጠራቸው ዝም ያሉኝ ሰዎች ናቸው» አለ። «አሁን ስጠራቸው ይመጣሉ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውት ሄዱ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሱም።

አብዮቱ መጣና የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ሱሉልታ ያለው መሬት ሄደ፤ ከብቱም አብዛኛው ለገበሬ ማኅበሩ ተከፋፈለ። እዚህ ላይ ማልቀስ አልፈልግም፤ መሬቱ ለዘማች ከመሰጠቱ በፊት የሚያርሱት ሰዎች ነበሩ፣ አባቴ ራሱ ኋላ ላይ «ያልዘራሁትን ነው የወሰዱብኝ» ብሏል። የማልረሳው የተረከቡበትን ቀን ነው። ገበሬዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። አባቴ ገመዱን እየሰጠ፣ የበሬውን ስም እየነገረ፣ ሰውየው በትክክል መጥራቱን እስኪሰማ ድረስ ገመዱን አይለቅም። «በስሙ ካልጠራኸው አይንቀሳቀስልህም። ዱላ አታባክን» ይላል። አንዱ ወጣት ካድሬ ሳቀበት። በሬው ግን እውነትም ቆሞ ቀረ፤ ገበሬው ስሙን ሲጠራ ነው የተከተለው።

ጥቂት ላሞችና የተወሰኑ ወይፈኖች ይዞ ጉለሌ ወረደ፤ ከቁስቋም በታች ያለው ቤታችን ቀረልን። ከባሕር ዛፍና ከቆርቆሮ በረት ሠራ። ከብቶቹ ቀን እንጦጦ ተዳፋት ላይ ውለው ማታ ይገባሉ። ከኮሪያ ያመጣቸውን ሜዳሊያዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ጭድ ውስጥ ቀበራቸው፤ አዲሱ መንግሥት የሰሜን ኮሪያዎቹ ወዳጅ ነው፣ አባቴ ደግሞ የተዋጋው ከደቡቦቹ ጎን ነው። ሳሎን ተሰቅሎ የነበረው የወታደር ልብስ ፎቶውም ወረደ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጭ አራት ማዕዘን እናቴ በቀን መቁጠሪያ ሸፈነችው።

ታናሽ ወንድሜ የተወለደው ከአብዮቱ በፊት፣ ወላጆቼ ከእንግዲህ ልጅ አንወልድም ካሉ በኋላ ነው። እኔ ያኔ ኮረዳ ነኝ ባይ ልጅ ነበርኩ፤ እንደ እናቱ አዘልኩት ማለት ይቻላል። ትዳሬን ትቼ፣ ልብሴን በአንድ ሻንጣ ይዤ ቤት ስመለስ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነበር፤ «አልጋሽ ላይ ጭድ አስቀምጠናል፣ ከላም ጋር ትተኛለሽ» ብሎ አሳቀኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው። አባታችን ማታ ስም ሲጠራ እሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ለወይፈኖቹ «አቤት!» ይልላቸዋል። ለአንዱ በወፍራም ድምፅ፣ ለሌላው በቀጭን፣ ለፖሊሱ ሞክሼ ደግሞ እንደ ፖሊሱ እየሳለ። መጀመሪያ አባቴ ተቆጣ። «በነሱ አይቀለድም!» አለው። ልጁ አልተወም። ውሎ አድሮ አባቴ አንድ ስም ጠርቶ «አቤት» እስኪባል ቆም ማለት ጀመረ። ጀርባው ወደኛ ስለሆነ ፊቱን አላይም፤ ግን ይጠብቅ እንደነበር አውቃለሁ። በዚያ ሰሞን ደህና እንቅልፍ ይተኛ ነበር።

ወንድሜን ሽሮ ሜዳ ላይ አፈሱት። ወተት አድርሶ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሲመለስ ነው። ከሱ ጋር የጎረቤታችን የሸማኔው ልጅም ተይዟል፤ ሁለቱ አብረው ነበር ያደጉት። ጀሪካኑን አንዲት ቲማቲም ሻጭ አምጥታ በራችን ላይ አስቀመጠችልን።

አባቴ ጭዱን ቆፍሮ ሜዳሊያዎቹን አወጣ። በኮቱ ላይ ደረደራቸውና ቀበሌ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሊቀ መንበሩ ከጓሯችን ዛፍ ዘይቱን እየሰረቀ ሲበላ ያደገ የሰፈር ልጅ ነው። ሜዳሊያዎቹን አየና ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«እርስዎ ኮሪያ የዘመቱት ለማን ነበር?»

«ለአገሬ።»

«የወጉት እኮ ወዳጆቻችንን ነው፣ አባት።»

«ያኔ ወዳጅ መሆናችሁን የነገረኝ የለም። ልጄ፣ አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ። ከዚህ ቤት እኔ ዘምቻለሁ፤ በኔ ቁጠሩት።»

«ልጅዎ የእርስዎን ስህተት ያርምልዎታል። ይሄን ብረት ቤትዎ ይደብቁት» አለና አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሳቁለት። እኔ አልቻልኩም፤ «ዘይቱናችንን ስትሰርቅ እንኳ ይህን ያህል ዓይን አውጣ አልነበርክም» አልኩት። አባቴ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ቤት ሲደርስ ሜዳሊያዎቹን አልደበቃቸውም። የበረቱ ምሰሶ ላይ በሚስማር ሰቀላቸው። ላም ስትታከክ ይንቃጨላሉ።

ልጆቹ ከመጫናቸው በፊት በአጥር ላይ ሊያዩአቸው ለወላጆች ተፈቀደ። እናቴ ዳቦ ቆሎ አቀበለችው። እኔ ሹራብ። አባቴ ባዶ እጁን ነበር የሄደው። በሽቦው መሃል የልጁን ጆሮ ይዞ፣ «ስም ሲጠራ ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስ» አለው። «ተኝተህም ቢሆን። ሰማህ? ጠሪው እንዲሰማህ።» ወንድሜ በፖሊሱ ድምፅ እየሳለ «አቤት!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። መኪናው ሲነሳ እናቴ ገና እየሳቀች ነበር።

ከሰሜን ጦር ግንባር አንዳንድ መልእክት መጣ፣ ከዚያ ቆመ። እናቴ ለሸማኔው ጋቢ አዘዘች። «ሲመለስ የሚለብሰው ይሁን፣ ሰፋ አድርገህ ሥራልኝ፣ ቁመቱን ታውቀዋለህ» አለችው። ሸማኔው የራሱም ልጅ እዚያው ስለሆነ ዓይኑን ሳያነሳ ሠራው። ጋቢው ሳጥን ገባ። እሑድ እሑድ እናቴ አውጥታ ፀሐይ ታሰጠዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

አመሻሹ ከባድ ሆነ። አባቴ ስም ይጠራል፣ ቆም ይላል፤ መስኮቱ ዝም ይላል። እኔ አንድ ማታ በወንድሜ ፈንታ «አቤት» ልል ወደ መስኮቱ ሄጄ፣ መጋረጃውን ዘግቼ ተመለስኩ። አባቴም ሌሊት መቃዠት ጀመረ። ጠዋት ዓይኑ ሥር ጠቁሮ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ያልብ ነበር።

ከዚያ የሸማኔው ልጅ ተመለሰ። አንድ እግሩ የለም። በክራንች ተደግፎ ቀጥታ እኛ ቤት መጣ፤ እናቴ ወፍጮ ቤት ነበረች። አባቴን «አባባ፣ ላናግርዎት» አለው። አባቴ አየውና፣ «ና፣ በረት እንግባ» አለ። እኔ ልከተል ስል እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አስቆመኝ። ሲወጡ ልጁ እኔን ሳያይ በሩን አልፎ ሄደ። አባቴ እጁ ላይ የወተት ባልዲ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የሚታለብ ላም አልነበረም።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ተለያይተዋል። የኛው ሌላ ግንባር ነው።»

እናቴ ስትመለስም ያንኑ ደገመላት። ሸማኔው ቤት ሮጣ ሄደች፤ ልጁ ተኝቷል አሏት። በሌላ ቀንም ተኝቷል አሏት። የሸማኔው ሚስት በር ላይ ስታገኛት አቅፋ ትስማትና ፈጥና ትገባለች።

በዚያው ሳምንት ቡሬዋ ወንድ ጥጃ ወለደች። ቡናማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ። አባቴ ኮፍያውን አወለቀ፤ እኔ አየሁት። ቆይቶ ቆይቶ መልሶ አጠለቀው፣ ስምም አላወጣም። ቀናት አለፉ። እናቴ ደጅ ሆና ትጠይቃለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለጥጃው ስም አላወጣህም?»

«አላወጣሁም።»

«እሰይ!» ትላለች። ሌላ ቀን ደግማ ትጠይቃለች። «አላወጣሁም» ይላታል፤ ደግማ «እሰይ» ትላለች። የሷ ሂሳብ ግልጽ ነው፤ ይህ ሰው ስም የሚያወጣው ለሞተ ነው፣ ጥጃው ስም የለውም፣ ስለዚህ ልጄ አለ። ቀበሌ ወረቀት አላመጣም። መርዶ ሊያረዳ የመጣ ዘመድ የለም። ጎረቤት ሊያጽናናት ሲቃጣው ወደ በረቱ እየጠቆመች «ጥጃውን ጠይቁ» ትላለች። እኔ ግን ተቃጠልኩ። አንድ ጠዋት ጭድ እያወጣን አባቴን ያዝኩት።

«የምታውቀው ነገር ካለ ንገራት። እኔን እንኳ ንገረኝ!»

«ስም የማወጣው እኔ ነኝ» አለ መንሹን ጭዱ ውስጥ እየሰካ። «ሲደርስ አወጣለታለሁ።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። እኔም ተውኩት። እውነቱን ለመናገር፣ የእናቴን ሂሳብ እኔም ፈልጌው ነበር።

ጥጃው አድጎ ወይፈን ሆነ። ማታ ሁሉም በስሙ ተጠርቶ ከገባ በኋላ እሱ ብቻ ውጭ ይቀራል። አባቴ ጀርባውን እንደሰጠን ትንሽ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ወይፈኑ ቀስ ብሎ ይገባል። ዝምታውን ለምዷል ብለን ነበር። እናቴ ይህንን ለደንበኞቿ ትናገር ነበር፤ «የልጄ ጥጃ ሳይጠራ የሚገባ ጨዋ ነው» እያለች።

መንግሥቱ ሊወድቅ በተቃረበበት ሰሞን አባቴ ሳንባውን ታመመ። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳይነሳ አዘዘው። የእንጦጦ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፤ እላዩ ላይ ብርድ ልብስ፣ ካፖርት፣ የኔን ሹራብ ጭነን ይንቀጠቀጣል። እኔ ሳጥኑን ከፍቼ ጋቢውን ላወጣ ስል እናቴ እጄን ያዘችው።

«ያ የልጄ ነው። ሲመጣ ምን ልበለው?»

አባቴ ሰማ። «ተይው፣ አልበረደኝም» አለ፤ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ከብቶቹን ማስገባት የኔ ተራ ሆነ። የበረቱ በር ላይ አባቴ የሚቆምበት ቦታ ቆምኩ። ስሞቹን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ በሱ ቅደም ተከተል ጠራኋቸው፣ እነሱም አንድ በአንድ ገቡ። ወይፈኑ ውጭ ቀረ። እንደ አባቴ ዝም አልኩ። አልመጣም። እያየኝ ቆመ። ፉጨት ሞከርኩ፣ በጭድ አባበልኩት፣ በመጨረሻ ገፋሁት። እግሩን መሬት ተክሎ ቀረ። ጉሙ ከላይ መውረድ ጀምሯል። ያኔ ነው የገባኝ፤ አባቴ ያ ሁሉ ዘመን ዝም አላለም፤ በለሆሳስ ይጠራው ነበር። እኛ የምናየው ጀርባውን ነው።

ዞር ስል እናቴ መለኪያዋን እንደያዘች ደጁ ላይ ቆማለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስታይ ነበር። ፊቷ ላይ ያለውን አይቼ፣ «እማዬ፣ ግቢ፣ ይበርድሻል» አልኳት። አልሰማችኝም። መለኪያውን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ወደ በረቱ መጣች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከወይፈኑ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመችና የልጇን ስም ጠራች። ጮክ ብላ አይደለም፤ ለምሳ እንደምትጠራው አድርጋ።

ወይፈኑ ጆሮውን አቀና። አጠገቧን አልፎ፣ ሜዳሊያዎቹን በጎኑ አንቃጭሎ፣ ገባ።

እናቴ አልጮኸችም። እኔ ልይዛት ስል በእጇ ከለከለችኝ። ቤት ገብታ ሳጥኑን ከፈተች፣ ጋቢውን አወጣች፣ እጥፉን ፈታች፣ አባቴ ላይ አልብሳ ዳር ዳሩን በእግሩ ሥር ሸጎጠችለት። አባቴ ጥለቱን በጣቱ ዳሰሰው። ምን እንደሆነ ሲያውቅ ቀና ብሎ አያትና እንባው ወረደ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

«ምነው ብቻህን ጠራኸው?» አለችው።

«አንቺ እንዳትሰሚ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

«ለቅሶው ሲነጋ ይሁን» አለች። «አሁን ብርድ ነው። ተሸፈን።»